ሦስተኛዋ ጠበቃ

ይድረስ ለእርጅናዬ ልጅ፣ እንደምን ከርመሻል? የአክስትሽስ ጉልበት ተሻለው? እኔ ከትከሻዬ ሕመም በቀር ደኅና ነኝ።

የአንቺን መምጫ ጉዳይ የያዘችው ጠበቃ በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ ትሄዳለች። ስደተኛን በነጻ እንዲረዱ የሚመደቡት አዲስ የሕግ ምሩቃን የሚቆዩት አንድ ዓመት ብቻ ነው። ይቺ ሦስተኛዋ ናት። ሥራውን ሲለምዱት ይነሣሉ፤ እኔም ለተተኪው ታሪኬን ከሀ ጀምሬ አወራለሁ።

ቅጹን ያመጣችልኝ ጊዜ፣ መዝገበ ቃላቴን ይዤ መስመር በመስመር ሳነበው፣ ሙያዬን «የቀን ሠራተኛ» ብላ ጽፋ አገኘሁት። አርባ ዓመት አናጢ ሆኜ የኖርኩትን ሰውዬ። አልፈርምም አልኳት።

«አባባ፣ እሱ እኮ ለውጥ አያመጣም። ዝም ብለው ይፈርሙልኝ።»

«ለአንቺ አያመጣም።»

ቅጹ ዋናው ቢሮ ሄዶ ታርሞ እስኪመለስ ሦስት ወር ፈጀ። አሁን ትክክል ነው፤ ፈርሜያለሁ። ትናንት ልታስገባው ስትል ግን ቅጹ ውሳኔው በሚሰጥበት ቀን ከአሥራ ስምንት ዓመት በታች ለሆኑ ልጆች መሆኑን፣ ውሳኔውም ሁለት ወር እንደሚፈጅ ነገረችኝና የተወለድሽበትን ቀን ሁለት ጊዜ ጠየቀችኝ። ነገርኳት። ግድግዳው ላይ ያለውን ቀን መቁጠሪያ አየችና፣ «ምነው ያኔ ፈርመውልኝ ቢሆን» አለች። ሰው ሙያውን ማስከበሩ ነውር የሆነው ከመቼ ወዲህ ነው?

በሚቀጥለው ወር ልደቴ ነው ብለሽ ጓደኛ እንዳትሰበስቢ። በላክሽው ፎቶ ላይም ረዝመሽ አየሁሽ፤ ምን አስቸኮለሽ?

አክስትሽን ሳሚልኝ። እስክንገናኝ እንዳለሽ ያቆይሽ።

አባትሽ