ሳይዘራ የበቀለ ገብስ

ሰኞ

አሁንም ይዘንባል። በኅዳር እንዲህ ያለ ዝናብ! አባቴ ጧት ክንዱን እስከ ክርኑ ክምሩ ውስጥ ከተተና ቆየ። "ሞቋል" አለ በመጨረሻ። አንድ ነዶ ስበን አወጣን። ገብሱ ዛላው ላይ እንዳለ በቅሏል፣ ነጫጭ ሥር አውጥቷል። አንዷን ፍሬ አኘክኋት። ጣፈጠችኝ። የባዮሎጂ መምህርት ነኝ፣ ያ ጣፋጭ ነገር ስኳር መሆኑን አውቃለሁ። ስታርቹ እየተበላ ነው።

ዘሩን የለቀመችው እናቴ ናት። አስዘርታ፣ እሸቱን ሳታይ ነሐሴ ላይ ሞተች። ሌላ ዘር የለንም። መንገዱ ከተዘጋ ወዲህ ከንፋስ መውጫ መኪና አይመጣም። ትምህርት ቤቴም ስለተዘጋ ነው እዚህ ያለሁት።

ማክሰኞ

አባራ። ክምሩን ንደን አሰጣነው። ለእናቴ ቁስል ከተገዛው አዮዲን ጠርሙሱ ሥር ጥቂት ተርፎ ነበር። ያልበቀለ የሚመስል ፍሬ ሰንጥቄ ጠብ አደረግሁበት። ስታርች ያለበት ይጠቁራል። አብዛኛው ጠቆረ፤ ቡቃያው የሚወጣበት ጫፍ፣ ፅንሱ አጠገብ ግን ቡናማ ሆኖ ቀረ። ደህና የሚመስለውም ተነክቷል።

አባቴ አጠገቤ ቁጢጥ ብሎ "ማን በላው?" አለኝ።

ነገርሁት። ቅጠል ላይ ስታርች የሚሠራውም የሚሰብረውም ኢንዛይም አንድ ቤት ነው የሚኖረው፣ አረንጓዴው ክሎሮፕላስት ውስጥ፤ ስታርቹ ቀን ይሠራል፣ ሌሊት ይፈርሳል። ፍሬ ላይ ይለያያሉ። ሠሪው መሐል ሆዱ ውስጥ ነበር፣ ስታርቹ በሚከማችባቸው ትናንሽ ከረጢቶች፤ ፍሬው ሲደርቅ ሥራው አበቃ። ሰባሪው ከፅንሱና ከገለባው ሥር ካለው ስስ ሽፋን ነው የሚመጣው። ውኃ ካገኘ ወደ ውስጥ ይዘልቃል።

"ታዲያ ፈጣሪ ሌባውን ለምን በር ላይ አስቀመጠው?"

"ሌባ አይደለም አባየ። ለፅንሱ ምግቡን የሚያላምጥለት እሱ ነው። ያለጊዜው ተጠራ እንጂ።"

"እንግዲህ እሱን ምን እለዋለሁ" ብሎ ተነሣ።

ረቡዕ

ጎረቤታችን እትየ ጥሩ መጡ። "በቃ ብቅል አድርጉት። ለተዝካሯ ጠላ ይሆናል" አሉ። ደግ መክረዋል። አባቴ ግን ቱግ አለ። "ለዘር የለቀመችውን?" እትየ ጥሩ ነጠላቸውን አጣፍተው ሄዱ። አፈርሁ። ልክ እሳቸው ነበሩ።

ደህና የሚመስሉትን ለቅሜ፣ ይበቅሉ እንደሆነ ለማየት እርጥብ ጨርቅ ውስጥ አስቀመጥኋቸው። ምን እንደምጠብቅ አላውቅም። ተስፋ እንኳ አይባልም።

እሑድ

ጨርቁን ገለጥሁ። ሽታው መጥፎ ነው። አብዛኛው ሻግቷል፣ ሲጫኑት ወተት የመሰለ ነገር ይወጣዋል። ሥር ያወጡት እፍኝ አይሞሉም።

አባቴ ከቅዳሴ ሲመለስ ሥር ያወጡትን አሳየሁት። ሳቀ። ከቀብሯ ወዲህ ሲስቅ የመጀመሪያው ነው፣ እኔን አስለቀሰኝ። "ነገ ጓሮ እዘራቸዋለሁ፣ ውኃ አጠጣቸዋለሁ" አለ። ሰማዩ ጥርት ብሏል። በዚህ ወር እንዲህ ሲጠራ ውርጭ እንደሚመጣ ከኔ ይልቅ እሱ ያውቃል። ሁለታችንም አላነሣነውም።

ሰኞ

አባቴ አንድ አንዷን በጣቱ ጉድጓድ እየበሳ ዘራ። የቀረውን ገብስ ራሱ ተሸክሞ ለእትየ ጥሩ ወሰደላቸው፣ ለብቅል። ይቅርታ ይጠይቅ አይጠይቅ አልነገረኝም። ሲመለስ ትከሻው ወርዷል።

ማክሰኞ

ውርጭ ወረደ። ደጁ ነጭ ነው። ነጠላ እንኳ ሳልደርብ ወደ ጓሮ ሮጥሁ።

ዘሩ ያለበት መደብ ላይ የእናቴ ጋቢ ተዘርግቷል። ካረፈች ወዲህ ሳጥን ውስጥ የነበረው፣ ማናችንም ልንነካው ያልደፈርነው። ዳር ዳሩን ድንጋይ ተጭኖበታል። አባቴ እጁን ብብቱ ውስጥ ከቶ አጠገቡ ቆሟል።

"እንዳትገልጪው" አለኝ። "ፀሐይ ይውጣ።"

አልገለጥሁትም። ጋቢው ላይ ውርጭ ነጥቷል። አጠገቡ ቆምሁ፣ ፀሐይዋ ገና ነበረች።