ሁዊል የያዘኝ እሁድ

ፖርት ኢድዋል፣ ዌልስ
ኖቬምበር 14 ቀን 1876

የልቤ ሎውሪ፣

እንደምን ሰነበትሽ? የእህትሽስ ጉልበት ተሻላት? እኛ ዘንድ ዝናቡ አላባራም። ዶሮዎችሽ መጣል አቁመዋል፤ ጠልተውኝ ይመስለኛል። «ለገና እመለሳለሁ፤ ካልሰማህ ምን ጥፋት አለብህ» ያልሽበትን ደብዳቤ ደጋግሜ አነበብኩት። ከመሳፈርሽ በፊት ግን ይቺን አንብቢልኝ።

ሽማግሌው ሆፕኪን አሁንም ይነዘንዘኛል። «መጋቢ፣ ስብከትህ እኮ ደረቀ። ያ ሁዊል የት ገባ?» ይለኛል። አባቴ ሲያስተምረኝ፣ ሁዊል መጀመሪያ የጀልባ ሸራ ስም ነው ይል ነበር። የሰባኪ ስሜት ሲግልም በዚያ የተጠራው፣ ነፋስ ከሞላው በኋላ ባለ ጀልባው ማዘዝ ስለማይችል ነው ይለኝ ነበር። በዚህች አባባል ስንት ጊዜ ተሸሸግሁባት መሰለሽ።

ያን እሁድ ጴጥሮስ በባሕሩ ላይ ሲሰጥም እየሰበክሁ፣ ድምፄ ወደ ዜማ ተለወጠ። አንቺም ከፊት ተቀምጠሽ ታለቅሺ ነበር። ዓሣ ሻጯ ማርጌድ በሩን በርግዳ ገብታ «ኧረ ሰጠሙ! ኧረ ድረሱ!» ስትል፣ ምእመኑ መንፈስ የነካት መስሎት «ክብር ለጌታ!» እያለ አጀባት። በስብከት መሀል ሰው ሲጮህ የለመድን ነን፤ ማን ይፈርድበታል?

እነሱ ግን ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር። እኔ ዓይኔ ተገልጦ፣ ፊቴ ወደ በሩ ነበር። የማርጌድ ቀሚስ እስከ ወገቧ ርሶ ይንጠባጠባል። መንፈስ ቅዱስ ሰው አያረጥብም፣ ሎውሪ።

ላቁም አልኩ። ግን ያ የሁዊል ጣዕም ዳግመኛ የሚመጣ አልመስልህ አለኝና ሳሳሁለት። አንዲት ቃል ብቻ፣ ደግሞ አንዲት እያልኩ ቀጠልሁ። ማርጌድ ብቻዋን ወደ ባሕሩ ሮጠች። ስንወጣ ልጃችንን ኤምሪስን አሸዋው ላይ አስተኝታ፣ እግሩን በሻርፗ ሸፍናው ነበር። በቀብሩ ዕለት የማርጌድን ጩኸት ሰምቼ እንደሆነ ስትጠይቂኝ «አልሰማሁም» አልኩሽ። ማርጌድም እስከ ዛሬ ትንፍሽ አላለች፤ ሳገኛት ግን ሰላምታዬን አትቀበልም።

ባለፈው እሁድ ድምፄ መጋል ጀመረ። ቀና ስል ኤምሪስ በሩ ላይ ቆሟል። አይወቅሰኝም። እስክጨርስ ይጠብቀኛል። መጽሐፉን አጥፌ ከመድረኩ ወረድሁ፤ ከእንግዲህ አልወጣበትም።

የኤምሪስን ጀልባ የምንጠብቃት ሰኞ ነበር፤ የሰጠመው እሱ መሆኑን አላወቅሁም። ሰው መሆኑን ግን አውቅ ነበር።

ብትመጪም ብትቀሪም እግዚአብሔር ከአንቺ አይለይ።

እስካልከለከልሽኝ ድረስ ባልሽ፣
ግሪፊዝ