ክሊኒኩን ያቆመው የበረከት ኤግዚት

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

"ሪተርን ፈንክሽን ውስጥ ብቻ ነው የሚሰራው፣ አንተ ምን ታውቃለህ" ይለኛል እንዴ! ባለዲግሪው በረከት፣ ከስምንተኛ ክፍል የወጣሁትን እኔን ሊያስተምር። ሪተርን የሚባለው የ'ተመለስ' ትእዛዝ ራሱን በቻለ ፋይል ላይ አይሰራም ማለቱ ነው። ለቤቴሉ ክሊኒክ በሰራነው ፕሮግራም ላይ፣ ፕሪንተር ከሌለ የፕሪንተሩ ፋይል እዚያው ይቁም ብሎ ኤግዚት የሚባለውን የ'ውጣ' ትእዛዝ ጻፈበት። ዛሬ ፕሪንተሩ ተበላሸና ገጹ በሙሉ ነጭ ሆነ። ኤግዚት እኮ ሁሉንም ነው የሚገድለው! ሪተርን ቢጽፍ ያ ፋይል ብቻ ቆሞ ሌላው ይቀጥል ነበር። ይሄን እኔ ኮልፌ ሞባይል እየጠገንኩ ነው የተማርኩት። ካርድ ክፍል ያለችው ሲስተር ደወለች፦ "በሽተኛ ተሰልፏል፤ እስከ ስምንት ሰዓት ካልሰራ ፕሮግራማችሁን ውሰዱልን።" ኤግዚትን በሪተርን መቀየር፣ የአንድ ቃል ስራ ነበር። ፕሮግራሙን ከፍቶ ለማረም የሚያስገባው ፓስወርድ ግን እሱ ጋ ነው፣ ስልክ አያነሳም። በረከት፣ ኩራትህን ዋጥና ፓስወርዱን ላክ! አሁኑኑ መልስ!