ስለ ቦይለሩ ቫልቭና ስለ ጨዋው አስተርጓሚ

ለተከበሩ የፋብሪካችን ዋና ሥራ አስኪያጅ፣

ጤናዎ እንደ ቢሮዎ ወንበር የተደላደለ፣ እንቅልፍዎም እንደ እኛ የማይቆራረጥ ይሁን እያልኩ ይህን በአደባባይ እጽፍልዎታለሁ። አዲሱን ቦይለር ሊተክል ከመጣው ሩሲያዊ ባለሙያ ጋር የሚያግባባን፣ እንግሊዝኛችንን ወደ ሩሲያኛ የሚመልስ ሰው ይፈለግልን ብለን ብንለምን፣ በማግስቱ አገኙልን። እንዲህ ያለ ፍጥነት ደመወዝ ጭማሪ ስንጠይቅ እንኳ አላየንም።

፩. አስተርጓሚው የተመረጡት በእህትዎ ልጅ ሠርግ ላይ ባሰሙት ንግግር እንደሆነ ሰምተናል። ድምፃቸው በእርግጥም ያምራል። ሆኖም የግፊት መለኪያውን አይተው ሰዓታችሁ ቆሟል ብለውናል።

፪. ጨዋነታቸው ደግሞ ያስጨንቃል። መሐንዲሳችን የደኅንነት ቫልቩ ግፊት ሲበዛ በራሱ ይከፈታል ወይ ብላ በእንግሊዝኛ ብትጠይቅ፣ አስተርጓሚው እንግዳን በጥያቄ ማፋጠጥ ነውር ነው ብለው በሩሲያኛ ስለ ድካሙ አመሰገኑት፤ ይህንንም ምሳ ላይ በኩራት አጫወቱን። እንግዳው ደስ ብሎት ራሱን ነቀነቀ። እርስዎም «ይከፈታል ማለት ነው» ብለው የርክክቡን ወረቀት ፈረሙ።

፫. ነገሩ ቢከነክነን እንግዳውን እጁን ይዘን ቫልቩ ዘንድ ወሰድነውና በጣት አሳየነው። ጭንቅላቱን ያዘ፤ ፊቱ ቲማቲም መሰለ፤ እጆቹን እያጣመረ ብዙ ተናገረ። አስተርጓሚው ያን ሁሉ አሳጥረው፣ በሥራችሁ ተደንቋል አሉን።

፬. ቦይለሩ ሰኞ ይለኮሳል የሚል ማስታወቂያ ተለጥፏል። ከጎኑ የሚቆመው ታናሽ ወንድሜ ነው። አንድ ነገር ቢሆን፣ እናታችን ቢሮዎ ድረስ ለመምጣት አስተርጓሚ አያስፈልጋትም።

ስለዚህ ከመዝገበ ቃላት ሌላ ቫልቭም ነክቶ የሚያውቅ፣ «አይሆንም» ሲባል «አይሆንም» ብሎ የሚመልስ ሰው እስኪገኝ ድረስ እሳቱ እንዲዘገይ በትሕትና እንለምናለን። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባላል፤ ቦይለር ግን ከፈነዳ በኋላ አይለቀምም።

በጥላዎ ሥር፣ ከቦይለሩ ግን ራቅ ብዬ እጅ የምነሳ፣
የሁለተኛው ፈረቃ ኃላፊ

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ የሰኞው የመክፈቻ ንግግርዎ መድረክ የት ይተከል ተብለን ተጠይቀን፣ ሠራተኛው ሁሉ በአንድ ድምፅ ቫልቩ ሥር እንዲሆን መርጧል። አስተርጓሚውም ከጎንዎ ይቁሙ፤ ቫልቩ የሚለውን አለዝበው ይነግሩዎታል።