በገዛ መስካችን እንግዳ ለመሆን የቀረበ ማመልከቻ

ለክቡር ኦቦ ዘርሁን፣
የሱሉልታ፣ የቡራዩና የሰበታ ነጻ መዝናኛዎች አስተባባሪ፤
ባሉበት።

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሞ ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? ከባሕረ ሰላጤው ከተማ ሙቀት ወጥተው በቀጥታ የሱሉልታ ብርድ ውስጥ ሲገቡ ጉንፋን እንዳይጥልዎት ሰፈሩ ሁሉ ሰግቶ ነበር፤ ደህና መሆንዎን ያወቅነው አጥሩ ሲጀመር ነው።

ከዘጠኝ ቀን የልምድ ልውውጥ እንደተመለሱ በአዳራሹ ያደረጉልን ገለጻ እስካሁን ከአፋችን አልጠፋም። እዚያ ከተማ በሙዚቃ የሚጨፍር ፏፏቴ እንዳለ፣ የባሕሩ ዳርቻም የድሮው ገበያም ለጎብኚ በነጻ እንደሆነ ፎቶ እያሳዩ ነገሩን። በፎቶዎቹ ሁሉ መሃል ላይ የቆሙት እርስዎ ስለሆኑ ፏፏቴውን በደንብ ባናየውም መኖሩን አምነናል። ከዚያም «እኛስ ለጎብኚ በነጻ የምንሰጠው ምን አለን?» ብለው ጠየቁን፤ ገና ስናስብ በሦስት ሳምንት ውስጥ መልሱን በሽቦ አጠሩልን። ከቤታችን ጀርባ ያለው መስክ ላይም «ለጎብኚዎች በነጻ» የሚል ታፔላ ተሰቀለ። ለዚህ ምስጋናችን ወሰን የለውም፤ ዕድሜ ልካችንን ስንቀመጥበት ነጻ መሆኑን የነገረን ሰው አልነበረምና።

ሆኖም ጊዜዎን የማይሻሙ ጥቂት ቅሬታዎች አሉን።

፩ኛ/ በመመሪያዎ መሠረት ጎብኚ ማለት የሌላ ከተማ መታወቂያ የያዘ ሰው ነው። ስለዚህ እሑድ እሑድ የሱሉልታ ሰው ሣር ላይ ለመቀመጥ ቡራዩ ይሄዳል፣ የቡራዩው ሰበታ ይወርዳል፣ የሰበታው ደግሞ እኛ ዘንድ ይመጣል። የሰበታ እንግዶች በራችንን አንኳኩተው መግቢያው በየት እንደሆነ ሲጠይቁን በትሕትና እናሳያቸዋለን፤ አብረናቸው ግን አንገባም። የሦስት ከተማ ሕዝብ በአንድ ጊዜ ጎብኚ ያደረገ ኃላፊ ከእርስዎ በፊት አልታየም።

፪ኛ/ ነዋሪ በገዛ ከተማው መስክ የግድ መግባት ካማረው፣ ከሌላ ከተማ ቀበሌ «ጎብኚ ነው» የሚል ክብ ማኅተም ያረፈበት የድጋፍ ደብዳቤ ማምጣት አለበት ተብሏል። ጎረቤቴ ሰብሪያ ይህን ሰምታ በአዲሱ ገበያና በአስኮ ዞራ ቡራዩ ደረሰች። እዚያ ያሉት ጸሐፊ፣ «እህቴ፣ እኛ አናውቅሽም፤ የማናውቀውን ሰው ደግሞ የማን እንግዳ ነው ብለን እንጽፋለን?» ብለው በጨዋ ደንብ ሸኟት። ተመልሳ በሩ ላይ ብትለምንም ጥበቃው ካሳሁን፣ «ሰብርዬ፣ አንቺንማ በደንብ አውቅሻለሁ እኮ፤ ችግሩም እሱ ነው» አላት።

፫ኛ/ ይቅርታ ያድርጉልኝና ይቺ ሰብሪያ ማን እንደሆነች ላስተዋውቅዎት። እርስዎ ዘጠኝ ቀን በሰነበቱበት ከተማ ስድስት ዓመት በሰው ቤት ሠርታለች። የሚጨፍረው ፏፏቴ ጫፉ ከምታጥብበት ማዕድ ቤት መስኮት ይታያት ነበር፤ ለመውረድ ግን የእረፍት ቀን አልነበራትም፣ ፓስፖርቷም በእጇ አልነበረም። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ እናቷ እማማ ራቢአ ዓርብ ዓርብ መስኩ መሃል ወጥተው ስልክ ይጠብቁ ነበር፤ ኔትወርክ የሚገኘው እዚያ ብቻ ነውና። «ሣሩ እንዴት ነው?» ትላቸዋለች፤ «አለልሽ፣ ብቻ ነይ» ይሏታል። መጣች። አንድ ዓመት ያህል እሑድ እሑድ እናቷን ደግፋ ወስዳ እዚያው ሣር ላይ ተቀመጡ። ዛሬ እማማ ራቢአ እግራቸው ቡራዩ ድረስ ታክሲ የሚያሳፍራቸው ስላልሆነ ከአጥሩ ውጭ ካለ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ወደ ውስጥ ያያሉ። ልጅየዋ በመስኮት፣ እናትየዋ በሽቦ፤ የልምድ ልውውጡ በእውነት ተሳክቷል።

ስለዚህ ክረምቱ ገብቶ መስኩን ውሃ ሳይተኛበት፣ በሩ ለነዋሪውም እንዲከፈት በታላቅ አክብሮት እንለምናለን። ይህ ከከበደ ስድስት ዓመት ከአገር የራቀች ሴት እንደ ጎብኚ ተቆጥራ፣ እናቷም እንደ ጓዟ ታይተው ይግቡልን።

ውድ ጊዜዎን ሰጥተው ስላነበቡልን ገለቶማ። ጤናዎ እንደ ፏፏቴው ይጨፍር፤ ሥልጣንዎም እንደ ሽቦው ጠንክሮ ይቁም።

የመመሪያዎ አክባሪ፣ ቤቷ ከመስኩ ሃያ እርምጃ የሆነ፣ እስከ ዛሬ ግን ጎብኚ ለመሆን ያልታደለች፣
የሺወርቅ፣ ከሱሉልታ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ባለፈው እሑድ ከቡራዩ ያመጧቸውን እንግዶች ካሳሁን አስገብቶ፣ እርስዎን ግን የሱሉልታ መታወቂያዎን አይቶ በር ላይ እንዳስቀረዎት ሰምተን አዝነናል። «አታውቀኝም እንዴ?» ሲሉት የሰጠዎትን መልስ ሰፈሩ በሙሉ ስለሚያውቀው እዚህ አልደግመውም። እንግዶችዎ እስኪወጡ ቆመው እንዳይደክሙ ግን እማማ ራቢአ ድንጋያቸው ላይ ፈቀቅ ብለው ቦታ ሊሰጡዎት ፈቃደኛ ናቸው፤ እርሳቸው ሰው ለማስቀመጥ ደብዳቤ አይጠይቁም።