በባዶ ወንበር ምክንያት ስለጠፋው ኮምፒውተር

ለተከበሩ የኮሌጃችን የኮምፒውተር ክፍል ኃላፊ ለአቶ አወቀ
መካነ ሰላም

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዲበዛ፣ ዕድሜዎ እንዲረዝም፣ በአደራ የያዟቸው ሃያ ኮምፒውተሮችም አቧራ ሳይነካቸው እንዲሰነብቱ ዱዓዬን አቀርባለሁ። ሩፋይዳ እባላለሁ፤ ሰኔንና ሐምሌን ጥግ ላይ ካለው ኮምፒውተር ጋር ስታገል የከረምኩት የአራተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ።

ከመንደራችን በላይ ያለው ተዳፋት ዝናብ ሲጠግብ መቼና ወዴት እንደሚንሸራተት ኮምፒውተሩ እንዲያሰላልኝ ነበር የጠየቅኩት። የቀበሌያችን ሹሞች ከተዳፋቱ ሥር ያሉትን ስድስት ቤቶች ሜዳው ላይ የምናሰፍረው ማኅተም ያረፈበት ጥናት ስናይ ነው ብለው ነበር። ስሌቱ ሳይቋረጥ ዘጠኝ ቀን ይፈልጋል፤ ከተቋረጠ እንደገና ከአንድ ይጀምራል። ከስድስቱ ቤቶች አንዱ የእናቴ የወይዘሮ ፈርሂያ ነው። ስለዚህ ምስጋናዬን በተራ በተራ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ «ሰው ያልተቀመጠበት ኮምፒውተር ይጠፋል» የሚለውን መመሪያ በሩ ላይ ስለለጠፉልን እናመሰግናለን። ኮምፒውተር ሰው ሳያየውም ይሠራል ብለን የምናምን የዋሆችን አርመውናል። የመጀመሪያው ስሌቴ በስድስተኛው ቀን፣ ምሳ ልበላ በወጣሁበት፣ በገዛ እጅዎ ዐረፈ።

ሁለተኛ፣ እስከ መንገድ አጋማሽ የደረሰውን ስሌት እንዳላስቀምጥ የኮምፒውተሩን ማስቀመጫ በምረቃ በዓል ቪዲዮዎች ስለሞሉልኝ ምስጋናዬ ይድረስዎ። ንግግር ሲያደርጉ ከአራት አቅጣጫ የተቀረጸውን አይቼዋለሁ፤ ያምርብዎታል።

ሦስተኛው ምስጋና ረዘም ይላል፤ ይታገሡኝ። ለሁለተኛው ሙከራ ጓደኞቼ ዝናሽና ዒምራን ወንፈል ገቡልኝ፤ እነሱ ለእኔ ወንበር ይጠብቃሉ፣ እኔ ለእነሱ ማስታወሻ እገለብጣለሁ። ማታ በሩ ሲቆለፍ መመሪያዎም አብሮ ስለሚተኛ አንሰጋም ነበር። መብራቱ እንኳ ራርቶልን ሳይጠፋ ሰባተኛው ቀን ላይ ደረስን። የዚያን ቀን ሦስታችንም ፈተና ነበረን። ለገበያ የመጣችውን እናቴን ለሦስት ሰዓት ብቻ እንድትቀመጥልኝ ለመንኳት። ምንም ሳትነካ፣ እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ ዚክሯን እያደረገች ተቀመጠች። እርስዎም ገብተው መታወቂያ ጠየቋት፤ ተማሪ አለመሆኗን በብልህነትዎ ደረሱበት፤ በትሕትና ከሸኟት በኋላ ወንበሩ ባዶ ስለሆነ መመሪያውን አስከበሩ።

ከፈተና ስመለስ በር ላይ ቆማ አገኘኋት። ዕቃውን የሰበረች መስሏት «አፉ በይኝ ልጄ፣ ሥራሽን አበላሸሁብሽ» አለችኝ። ተናድጄ ነበር፤ ደክሞኝም ነበር። ጥፋቱ ያንቺ አይደለም አላልኳትም። እንዲሁ ሚኒባስ ላይ አሳፈርኳት። ይህንን እኔ ነኝ ያደረግኩት፤ ለእርስዎ አላካፍልም።

ስሌቱ ሁለት ቀን ቀርቶት ነበር። ተዳፋቱ ኮምፒውተሩ በጠፋ በአምስተኛው ቀን ወረደ። አምስቱ ቤቶች ሰዎቻቸውን አተረፉ፤ የእኛ ቤት አላተረፈም።

አራተኛና የመጨረሻ፣ በክረምቱ እረፍት ፈቃድ ስለወጡ ከልብ አመሰግናለሁ። የእናቴ ሰደቃ ካለፈ በኋላ ተመልሼ ያንኑ ሥራ ጀመርኩት፤ ኮምፒውተሩ በባዶ ወንበር ፊት ዘጠኝ ቀን ያለ ምንም ችግር ሠራ። ውጤቱ ከተዳፋቱ ሥር መጀመሪያ የሚነካው የእኛ ቤት ነው ይላል። ወረቀቱ ማኅተም አርፎበታል፤ የቀሩት አምስት ቤተሰቦችም ሜዳው ላይ ቦታ ተመርቶላቸዋል።

ለወንበር ያለዎትን ጥልቅ አክብሮት ዕድሜ ልኳን የማትረሳው፣
ታዛዥዎ ተማሪ ሩፋይዳ

ማስታወሻ፦ «ያለ ፈቃድ ክፍሉ ውስጥ የተገኙት ግለሰብ በሦስት ቀን ውስጥ በአካል ቀርበው ያስረዱ» የሚለው ደብዳቤዎ ባለፈው ሳምንት ደርሶኛል። እናቴ የጠራት ሰው ዘንድ ሳትሄድ የቀረችበት ቀን አልነበረም፤ አሁን ግን እርስዎ ብቅ ቢሉ ይሻላል። መቃብሯ ከመስጊዱ ጀርባ ነው። ሲደርሱም ሥራውን ያበላሸችው እሷ እንዳልነበረች ይንገሩልኝ፤ እኔ ሳልነግራት ቀርቻለሁ።