አሥራ አንድ ዓመት ያልተከፈተው ኤሲ

መጋቢት 11፣ ሰኞ። ጠዋት 2፡00

የመኪናዬን ኮፈን ከፍቻለሁ። የኤሲው ጋዝ ዛሬም የለም። ቅዳሜ ነበር የሞላሁት፤ ለሁለተኛ ጊዜ። ማያያዣዎቹን ሁሉ የሳሙና አረፋ ቀባኋቸው። አንድም የሚፈላ የለም። በየት ነው የሚወጣው?

ደብተር፣ አንተ አትቸኩልም። እኔ ያለኝ እስከ ጉዟችን ቀን፣ እስከ ዓርብ ነው። የባለቤቴ የአያንቱ ታላቅ እህት ባኮ ታማ ተኝታለች፤ ሳልሞት ዓይንሽን ልየው ብላለች። የአያንቱ ሳንባ ደግሞ አቧራም ሙቀትም አይችልም። ሐኪሙ አስጠንቅቋል። መስኮት ከተከፈተ አቧራ። ከተዘጋ፣ ወደ ባኮ ቆላ ሲወረድ ምድጃ። ያለ ኤሲ አትደርስም።

ጎረቤታችን አቶ ግርማ በአዲሷ መኪናዬ ላድርሳችሁ አለ። አይሆንም አልኩ። ሚስቴን ሌላ ሰው ጭኗት አያውቅም። መንዳትንም ጥገናንም ማንም አላስተማረኝም፤ ፈትቼ ገጥሜ ነው ያወቅሁት። ይህንንም እፈታዋለሁ።

መጋቢት 12፣ ማክሰኞ። ከሰዓት 9፡30

አልተቻለም። መናኸሪያው አጠገብ ኤሲ የሚሠራው ኦቦ ቶለራ ዘንድ ወሰድኳት። አረፋ እንኳ አልቀባም። ጋዙን ከሚገፋው ከኮምፕሬሰሩ አፍንጫ ሥር ጣቱን ሰደደ፤ ዘይት ይዞ ወጣ። ኤሲው ለመጨረሻ ጊዜ የተከፈተው መቼ ነው ብሎ ጠየቀኝ። ከገዛኋት አሥራ አንድ ዓመት፣ አንድም ቀን አልኩት። በኩራት ነው ያልኩት። አምቦ ላይ ለምን? ቤንዚን ይበላል፣ ብርድ ይመታል። የኤሲው ቁልፍ ላይ ፕላስተር ለጥፌበታለሁ።

ሳቀ። «ኦቦ ደበላ፣ ቆጥበው ገደሉት እኮ!»

ዘይቱ የሚዘዋወረው ከጋዙ ጋር ነው አለኝ። በወር አሥር ደቂቃ እንኳ ካልሠራ የውስጡ ማሸጊያ ጎማ ደርቆ ይሰነጠቃል፤ ጋዙም በዚያ ይወጣል። ለዚህች አሮጌ መኪና ጎማው ከአዲስ አበባ ተፈልጎ ነው፤ ቢፈጥን በሳምንቱ። ማንም አልነገረኝም ብዬ ጮህኩበት። የመኪናዋ መጽሐፍ አይልም? አለኝ።

ቤት ገብቼ መጽሐፏን አወጣሁ። በመዝገበ ቃላት እየታገልኩ ያነበብኩት ነው። ቤንዚን ይጨምራል የሚለውን በቀይ አስምሬበታለሁ። ከሥሩ በየወሩ ይከፈት ይላል። እሱን አላሰመርኩትም።

መጋቢት 13፣ ረቡዕ። ቀትር

ከባኮ ተደወለ። እህትየዋ እህል ትታለች። አያንቱ አፍንጫዬን በነጠላ ሸፍኜ እሄዳለሁ አለች። የጌዶን ከተማ እንኳ አታልፊም አልኳት። ቶለራ ያለውንም ነገርኳት፤ ያበላሸሁት እኔ ነኝ። አልደነገጠችም። መኪናዋን በገዛን ዓመት ከባኮ ስንመለስ ላብ አጥምቆኝ እጄን ወደ ኤሲው ቁልፍ ብሰድ መለስክብኝ አለች። «ከዚያ ወዲህ ጠይቄህ አውቃለሁ፣ አባ ገመቹ?» በልጃችን ስም ጠርታኝ ወደ ጓዳ ገባች። ሳሏ ይሰማኛል።

እኔ አላስታውሰውም። እሷ ግን አትዋሽም።

መጋቢት 14፣ ሐሙስ። ጠዋት 12፡40

ዓርብ አይጠበቅም። አቶ ግርማ በር ላይ ቆምኩ። ተሳስቻለሁ፣ ዛሬ ውሰዳት አልኩት። ሁለተኛ አላስጠየቀኝም። «ጋሼ፣ እንኩ ራስዎ ይንዱ» ብሎ ቁልፉን ዘረጋልኝ። አልተቀበልኩም። የመኪናዋን ጠባይ እሱ ያውቃል።

አያንቱ ከፊት፣ አየሩ ከሚነፍስበት። እኔ ከኋላ።

ሰውየው የጉደርን ቁልቁለት ማርሽ አውጥቶ፣ በፍሬን ብቻ ነው የሚወርደው። ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ። አፌን ይበላኛል። እስከ ባኮ ግን ቃል አልተነፍስም።

ክላክስ አደረገ። ልሂድ።